ገሃነምን ያሠሩት እትዬ አሰለፈች

ገሃነም ባለቤት አጣ። ወሬውን ያመጣልኝ ሰዓሊው ጋሽ ሰብስቤ ነው። ቀለም ሊገዛ ሱቄ ገብቶ ባንኮኒውን ተደግፎ ብቻውን ሲስቅ ቆየና፣ "ምን አገኘህ?" ስለው ነገሩን ከሥሩ ጀመረልኝ።

ወደ ሶደሬ በሚወስደው መንገድ፣ ከአዳማ ዳር፣ አዲስ ቤተ ክርስቲያን እየተሠራ ነበር። ግንቡ አልቋል፣ ጣሪያው ለብሷል፣ የቀረው ሥዕሉ ነው። በእነሱ ወግ አንድን ሥዕል ያሠራ ምእመን ስሙ ከሥዕሉ ግርጌ ይጻፍለታል፤ እሱ ራሱም እዚያው ግርጌ ላይ ሰግዶ፣ እጆቹን ዘርግቶ ይሳላል። ስለዚህ ኮሚቴው ዝርዝሩን ገና ከማንበቡ ሰው እንደ ኮንዶሚኒየም ዕጣ ተሻማበት። እመቤታችንን አንድ የእህል ነጋዴ ወሰደ። ጊዮርጊስን ከነፈረሱ አንድ ጡረታ የወጡ ዳኛ ወሰዱ። ልደቱም ጥምቀቱም በዚያው እሁድ ባለቤት አገኙ። በምዕራቡ ግድግዳ ላይ የሚሳለው ግን የመጨረሻው ፍርድ ነበር፤ ላይኛው ገነት፣ ታችኛው በሙሉ ገሃነም። የአሠሪው ቦታ ደግሞ ግርጌ ስለሆነ ከገሃነም ሥር መሆኑ ነው።

"ማን ይግባበት?" አለኝ ጋሽ ሰብስቤ። "ስምሽ ከእሳቱ ሥር ተጽፎ የልጅ ልጅሽ መጥቶ ሲያነበው አስቢው። አንዱማ 'ገነቱን ለብቻው ቆርጣችሁ ስጡኝ' ብሎ ለመነ።"

ኮሚቴው ሁለት እሁድ ለፈፈ፤ ሰው ሁሉ መሬት መሬቱን እያየ ወጣ። በሦስተኛው እሁድ ከሴቶቹ በኩል እትዬ አሰለፈች ብድግ አሉና "ለእኔ ስጡኝ" አሉ። እዚህ ላይ እኔ ሳቄን ዋጥኩት።

ፈውዚያ እባላለሁ። ወሎዬ ነኝ፣ ሙስሊም ነኝ፣ ናዝሬት ላይ ቀለም መሸጥ ከጀመርኩ ሃያ ዓመት አልፎኛል። የክርስቲያኑን ነገር የማወራው ባየሁትና በሰማሁት ልክ ነው፤ ስሳሳት ደንበኞቼ ያርሙኛል፣ አንድም ቀን ምረውኝ አያውቁም። ስለ እትዬ አሰለፈች ግን ማንም አያርመኝም። አራት ዓመት ጎረቤታቸው ነበርኩ።

እትዬ አሰለፈች ሰባኛ ዓመታቸውን ሊደፍኑ ነው። የተማሪ ዩኒፎርም ይሰፋሉ፤ በዚህ ከተማ ካደገው ሰው ስንቱ እሳቸው የሰፉትን ኮሌታ እያኘከ ፊደል እንደቆጠረ አላህ ይወቀው። ግራ እጃቸው ከክርኑ በታች ጠመም ያለ ነው። ተሰብሮ በወጌሻ ሳይገጥም የቀረ ነው። ጨርቁን በዚያ እጅ እየገፉ ይሰፋሉ፣ ስፌቱ ግን ቀጥ ብሎ ይወጣል። ድምፃቸው ዝግ ያለ ነው፤ ሰው ሲያነጋግራቸው መጀመሪያ ፈገግ ይላሉ፣ ከዚያ ነው የሚሰሙት።

እጃቸውን የሰበረው ባላቸው ዘርፉ ነው። ከአርሲ ነገሌ እህል የሚጭን የአይሱዙ ሾፌር ነበር። ድሮ አቶ ዘርፉ እለው ነበር፣ አሁን አልችልም። ከተማው ግን ይወደው ነበር። መንገድ ላይ የተበላሸ መኪና አይቶ አያልፍም፤ ለቅሶ ቤት ቀድሞ ደርሶ ድንኳን የሚወጥረው እሱ ነው፤ ለሠርግ መኪናውን በነጻ ይሰጣል፤ የእኔ ሱቅ ሲከፈት መደርደሪያውን በገዛ እጁ ሰቅሎልኛል። የውጭ አልጋ የቤት ቀጋ የሚባለው ለእንዲህ ዓይነቱ ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት መታቸው። ሰፈሩ ያውቅ ነበር፣ እኔም ጭምር። ሁለት ጊዜ ሸሽተው ወጡ፣ ሁለቱንም ጊዜ ሽማግሌ "ባል ነው፣ ቻይው" ብሎ መለሳቸው። የዛሬ ስምንት ዓመት ሞጆን አለፍ እንዳለ መኪናውን ዳር አስይዞ መሪው ላይ ተደፍቶ ሞተ። ንስሐ አልገባ፣ ይቅርታ አልጠየቀ። ቀብሩ ላይ መንገድ ተዘግቶ ነበር፤ ሁሉም "ደጉ ዘርፉ፣ ደጉ ዘርፉ" እያለ አለቀሰ።

እንግዲህ እኚህ ሴት ገሃነምን የሚያሠሩት ምን ፈልገው ነው? እኔ ሁለቴ አላሰብኩም፤ ባላቸውን ሊከቱበት ነው አልኩ። ጋሽ ሰብስቤም እንደዚሁ ገመተ። ሁለታችንም ብልሆች የሆንን መስሎን ነበር።

ጋሽ ሰብስቤ ደግሞ ያልገባውን ነገር የማይስል ጉደኛ ሰው ነው። ለአንድ ልኳንዳ ቤት በሬ ሳል ሲባል ከብት ተራ ሄዶ አንድ በሬ ፊት ግማሽ ቀን ስለቆመ ባለቤቱ ሌባ መስሎት ሊያስይዘው ነበር። ለጥርስ ሐኪም ታፔላ ሲሠራ በመስታወት የራሱን ጥርስ አንድ በአንድ ቆጥሮ፣ "ሁለት ይጎድለኛል፣ መቼ እንደወለቁ አላስታውስም" ብሎ እኔ ጋ መጥቷል። የባነር ማተሚያ ማሽን ከመጣ ወዲህ ሥራው ቀዝቅዞ ባጃጅ ጀርባ ላይ ጥቅስ ሲጽፍ ነው የከረመው። ገሃነም ሲሰጠው ታዲያ ብሩሽ ሳያነሣ አሥራ አምስት ቀን ጠፋ። ሲመጣ ዓይኑ ቀልቷል።

"ፈውዚያ፣ የማያበራ እሳት የሚሠራ ቀለም አለሽ?"

"ምን ዓይነት እሳት ነው ደግሞ እሱ?"

"ወንጌሉን ሳገላብጥ ከረምኩ። አንዱ ጋ የማይጠፋ እሳት ይላል። ሌላው ጋ በውጭ ያለ ጨለማ ይላል። እሳት ካለ ይበራል፤ ከበራ ደግሞ ጨለማ የለም። የማይሞት ትልም አለ። ትሉን እሳቱ ውስጥ ብስለው ይቃጠላል፣ ጨለማው ውስጥ ብስለው አይታይም። ምን ላድርገው?"

ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ ነጭና ክሬም ነው። እንዲህ ያለ ጥያቄ ባንኮኒዬ ላይ ወርዶ አያውቅም፤ ደስ አለኝ። ልጅ ሆኜ ወሎ ሳለሁ ሼሆቹ ሲሉ የሰማሁትን ነገርኩት፤ የጀሃነም እሳት ሺህ ዓመት ነድዶ ቀላ፣ ሺህ ዓመት ነድዶ ነጣ፣ ሺህ ዓመት ነድዶ ጠቆረ፤ አሁን ያለው ጥቁሩ ነው ይሉን ነበር። ጋሽ ሰብስቤ አፉን ከፍቶ አዳመጠኝ። ከዚያ ሦስት ጋሎን ጥቁር፣ አንድ ጋሎን ቀይ ተሸክሞ ወጣ። ባለቤቴ ዛኪር ይህን ሲሰማ "የሰው ቤተ ክርስቲያን በእኛ እሳት ልታስቀቢ ነው?" ብሎ ተቆጣኝ፤ ማታ ግን እሱም ትሉን ምን አደረገው ብሎ ጠየቀኝ።

ታቦቱ ገና ስላልገባ ሕንፃው ለማንም ክፍት ነው፣ ቀለም የሚያመላልስ ሙስሊምም ይገባል ተባልኩ። ስለዚህ ቫርኒሹን በሰው መላክ ትቼ ራሴ መውሰድ ጀመርኩ። ምክንያቱ ቫርኒሹ አልነበረም።

መጀመሪያ የገባሁ ቀን እትዬ አሰለፈች ከግድግዳው ሦስት እርምጃ ርቀው ፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። የዩኒፎርም ቁልፍ እየሰፉ ወደ ላይ ያያሉ። በየቀኑ ይመጡ ኖሯል። ጋሽ ሰብስቤ መሰላል ላይ ሆኖ እሳቱን ያጠቁራል፣ እሳቸው ከሥር ይጠይቁታል። እሳቱ ከየት ይነሣል? እሳቱ ውስጥ ያለው ሰው ወደ ላይ ያያል ወይስ አያይም? ከላይ ያሉት ሲጮህ ይሰሙታል?

"እኔን አይጠይቁኝ እትዬ፣ እኔም እየጠየቅኩ ነው" ይላል እሱ።

"ልጅ ሳለን" አሉኝ ወደ እኔ ዞረው፣ "ከመሬት ሥር ያለው እሳት ሲኦል ነው ይሉን ነበር። ባለፈው ለእጄ ሶደሬ ወስደውኝ ፍል ውሃው ውስጥ እንደተቀመጥኩ ይሄ ትዝ አለኝ። ውሃው ከዚያ እሳት ከመጣ ሕመሜን እንዴት ያሻለዋል? ከሥር ያለው እሳት ምን ቢሆን ነው? አንድ ሰዓት አሰብኩበት፣ ጣቴ ሁሉ ተጨማደደ።"

"ምን ላይ ደረሱ?"

"ምንም ላይ አልደረስኩም። ወጥቼ አምባዛ ዓሣ በላሁ።"

እየተሳሳቅን ሳለ መሪጌታ ኪዳነወልድ ገቡ። የቤተ ክርስቲያኑ የመጻሕፍት መምህር ናቸው፤ ሥዕሉ ከትምህርቱ እንዳይወጣ የሚቆጣጠሩት እሳቸው ናቸው። ጥቁሩን እሳት ረጅም ጊዜ አዩት።

"ይሄን ከየት አመጣኸው?"

"ከፈውዚያ ሱቅ" አለ ጋሽ ሰብስቤ። እኔ ወደ ቫርኒሹ ጎንበስ አልኩ።

መሪጌታ ግን አልተቆጡም፤ እንዲያውም ሳይወዱት አልቀሩም። ጋሽ ሰብስቤ ጊዜውን ሲያገኝ ከመሰላሉ ወርዶ ያሳደረውን ጥያቄ ዘረገፈው። እሳቱ እውነተኛ እሳት ነው ወይስ ምሳሌ?

መሪጌታ ምርኩዛቸውን ግድግዳው ላይ አስደገፉ። "መጀመሪያ አትቀላቅል" አሉ። "ሲኦልና ገሃነም አንድ አይደሉም። ሲኦል የሞተ ሰው ነፍስ ፍርድ የምትጠብቅበት ነው። ገሃነም ከፍርድ በኋላ ነው። ገሃነም የሚለው ስም ራሱ የቦታ ስም ነው፤ ከኢየሩሳሌም ቅጥር ውጭ ያለ የሄኖም ሸለቆ። የጥንት ሰዎች ልጆቻቸውን ለጣዖት ያቃጠሉበት ርጉም ስፍራ ነው። ጌታ ሲያስተምር ሰሚው ሁሉ የሚያውቀውን ያንን ሸለቆ ጠራ።"

"እንግዲያ ምሳሌ ነዋ።"

"አትቸኩል። ሰው ከሞት ሲነሣ ሥጋውን ይዞ ነው የሚነሣው፣ ስለዚህ እሳቱም እሳት ነው ያሉ አባቶች አሉ። እሳትና ጨለማ አብረው አይሆኑም፣ ስለዚህ ይሄ በሰው ቋንቋ የተነገረ ነው፤ እሳቱ ከእግዚአብሔር የተለየ ሰው ጸጸት ነው፣ ትሉም ኅሊናው ነው ያሉ አሉ። አንድም እንዲህ፣ አንድም እንዲያ። ሁለቱንም ይዘን ነው የምንሄደው።"

"የኔታ፣ ግድግዳው እኮ አንድ ነው" አለ ጋሽ ሰብስቤ።

እኔ ሳቅኩ። እትዬ አሰለፈች አልሳቁም። መርፌያቸውን ቁልፉ ላይ ወግተው አቁመዋል።

"የኔታ" አሉ፣ "ጸጸት ነው አሉ። የማይጸጸት ሰው ከሆነስ?"

"ያኔ ዓይኑ ይከፈታል አሰለፈች። ያደረገውን ያያል።"

"ኖሮ ኖሮ ያላየውን?"

"እዚያ መጋረጃ የለም ልጄ።"

እትዬ አሰለፈች በዚያው ዝግ ባለ ድምፃቸው፣ "ዱላው ምሳሌ አልነበረም የኔታ" አሉ።

ካወቅኳቸው ጀምሮ ይህን ነገር ሰው ፊት ሲናገሩ የሰማኋቸው ያን ቀን ነው። መሪጌታ ምርኩዛቸውን ፈለጉ፣ እፊታቸው የተደገፈውን አጡት። "ባል ነው፣ ቻይው" ካሉት ሽማግሌዎች አንዱ እሳቸው ነበሩ። እትዬ አሰለፈች ግን ይህን አላነሡባቸውም፤ ዩኒፎርሙን አጣጥፈው ወጡ።

ከዚያ ቀን በኋላ ጥያቄው ለእኔም እንቅልፍ ነሣኝ። ዕቃ እየመዘንኩ፣ ቀለም እያበጠበጥኩ አስባለሁ። እሳቱ ምሳሌ ነው ከተባለ ለክፉ ሰው ቀለለለት ማለት ነው? እውነት ነው ከተባለ ደግሞ ያንን እያወቀ ከላይ ተቀምጦ ደስ የሚለው ማነው? ዛኪርን ስጠይቀው "አንቺ ነሻ" አለኝ። እንደ ቀልድ ነበር የተናገረው።

እውነትም እኔ ነበርኩ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ጋሽ ሰብስቤ በጠዋት ደወለና "ነይ፣ እትዬ ሳይመጡ ነይ" አለኝ። ስደርስ ግድግዳው ፊት ቆሞ እጁን በጨርቅ ይጠርጋል። አዳዲስ ሰዎች እሳቱ ውስጥ ገብተዋል። በእነሱ አሣሣል ጻድቅ ሰው ፊቱን ሙሉ ሆኖ በሁለት ዓይን ይሳላል፤ ክፉ ሰው በጎን ነው፣ የሚታየው አንድ ዓይኑ ብቻ ነው። ከነዚያ ባለ አንድ ዓይኖች መሐል አንዱ ሰፊ ግንባር አለው፤ ቀጭን ሪዝ፣ ጫፏ የተቆረጠች ጆሮ። ዘርፉ ነው። ቁርጥ ራሱን። እጁን ወደ ላይ ዘርግቶ አፉን ከፍቷል፣ ጥቁሩ እሳት እስከ ደረቱ ደርሷል።

እውነቱን ልናገር፣ ደስ አለኝ። በጣም ደስ አለኝ። ቆሜ ጠገብኩት።

"ለእትዬ ስጦታ ነው" አለ ጋሽ ሰብስቤ። "አፍ አውጥተው አይጠይቁኝም ብዬ ነው። ታች ደግሞ እሳቸውን እይ።"

ከሥር እትዬ አሰለፈች ነጭ ለብሰው ሰግደዋል። ሃያ ዓመት አሳንሷቸዋል፤ ሁለት እጆቻቸው ወደ ፊት ተዘርግተዋል፣ ሁለቱም እንደ ሸንበቆ የቀኑ። አምረዋል። አሁን ሲመጡ ምን ይሉ ይሆን እያልን እንደ ሠርግ ሚዜ በር በሩን እናይ ጀመር።

መጡ። ወንበራቸው ላይ ሳይቀመጡ ቀና አሉ። የት ላይ ዓይናቸው እንደቆመ አወቅን። ብዙ ቆዩ። ፊታቸው ላይ የጠበቅኩትን ነገር አላየሁም፤ ምን እንዳየሁም አላወቅኩም።

"አጥፋው" አሉ።

"እትዬ፣ ይገባዋል ብዬ ነው።"

"አጥፋው አልኩህ ሰብስቤ። አንድ ቀን ኮከብ መጥታ ታየዋለች።" ኮከብ አዲስ አበባ የምትኖር ትልቋ ልጃቸው ናት። "እናቴ አባቴን ገሃነም ከተተችው ትላለች። ከተማው ይህንኑ ይላል። 'ምስኪን ዘርፉ፣ ሞቶም አልተወችው' ይባላል። ደግሞ አሁንም የሚታዘንለት እሱ ሊሆን ነው?"

ይህ ለእኔም ለጋሽ ሰብስቤም አልታየንም ነበር።

"ታዲያ ገሃነምን ለምን አሠሩት?" አልኩ። ብዙ ጊዜ ይዤው የዞርኩት ጥያቄ ነው፣ አመለጠኝ።

ወንበሩ ላይ ተቀመጡ። "ኮከብ፣ 'አባዬ እንዲህ አልነበረም፣ አንቺ ታበዢዋለሽ' ትለኛለች። ሲመታኝ አልጋ ሥር ትገባ ነበር፤ ወይ ረስታዋለች፣ ወይ መርሳት ፈልጋለች፣ አልፈርድባትም። ቀብሩ ላይ ሰው ሁሉ ደጉ ሲል እኔም ሰማሁ። ስምንት ዓመት ሙሉ አንድም ሰው ሌላ ነገር ሲል አልሰማሁም። አሁን አሁን ማሽኔ ላይ ተቀምጬ ራሴን እጠይቃለሁ፤ አሰለፈች፣ ሕልም ነበር እንዴ? አንቺ ነሽ እንዴ ያበዛሽው?" ጠማማውን እጃቸውን ጭናቸው ላይ አደረጉት። "እሳት አለ ከተባለ እግዜር ሰምቷል ማለት ነው። ሰምቶም ተቆጥቷል ማለት ነው። ዘርፉ እንዲቃጠልልኝ አይደለም፤ ቢቃጠል ለኔ ምን ይፈይድልኛል? ስለ እኔ የተቆጣ አንድ ሰው እንኳ እንደነበረ ማወቅ ፈልጌ ነው። ምሳሌ ነው ስትሉኝ ቁጣውንም ምሳሌ አደረጋችሁብኝ።"

ጋሽ ሰብስቤ ወፍራሙን ብሩሽ ጥቁሩ ውስጥ ነክሮ መሰላሉን ወጣ። ግንባሩ ጠፋ፣ ሪዙ ጠፋ፣ ጆሮው ጠፋ። እጁ ግን ሳይሸፈን ትንሽ ቆየ፤ በመጨረሻ እሱም ገባ። እኔ የቅድሙ ደስታዬ አፌ ውስጥ መረረኝ። ጋሽ ሰብስቤ ሲወርድ፣ "አንድ ነገር ልጠይቅህ" አልኩት ቀስ ብዬ። "ክፉ በአንድ ዓይን፣ ጻድቅ በሁለት። ሰምቶ ዝም ያለ ሰውስ በስንት ዓይን ይሳላል?"

አሰበ። "ለእሱ ወግ የለንም" አለ።

እትዬ አሰለፈች በዚህ መሐል ተነሥተው የራሳቸው ሥዕል ላይ ጎንበስ ብለዋል። "ይሄ የማን እጅ ነው?"

"የርስዎ ነው እትዬ።"

"የኔ እንዲህ አይደለም።"

"ላሳምርዎት ብዬ..."

"እንዳለ ሳለው።" ነጠላቸውን ገለጥ አድርገው ግራ እጃቸውን ወደ ፊት ዘረጉ። ጋሽ ሰብስቤ ቀጭኑን ብሩሽ አንሥቶ ፊታቸው ተንበረከከ። ያልገባውን አይስልም ብያለሁ፤ ያን እጅ ዓይኑን ጠበብ አድርጎ አጥንቱ የተላለፈበትን ቦታ በጣቱ እየዳሰሰ፣ "እዚህ ጋ ነው? ወዲህ ነው የዞረው?" እያለ ጠየቃቸው። "እዚያ ጋ ነው፣ እሱ ጋ ነው" አሉት። አንድ ሰዓት ሙሉ እጃቸውን አላወረዱም። ስንወጣ መሪጌታ በር ላይ አገኙን፤ ሥዕሉን አይተው ተመለሱና ጎንበስ ብለው እጅ ነሷቸው። ስለ እጁ አንድም ቃል አልተናገሩም፤ እስከ ዛሬም ተቃንቶ ይሳል ሲሉ አልተሰሙም።

ደጁ ላይ ባጃጅ ቆሞ ነበር፤ የሰፈራችን ልጅ የያደታ ነው። "አካም ጅርቱ እትዬ" ብሎ በኦሮምኛ ሰላምታ ሰጥቶ ወርዶ አስገባቸው። እኔ ከጎናቸው ተቀመጥኩ። አስፋልቱ ላይ ስንደርስ እትዬ አሰለፈች ወደ ውጭ እያዩ፣ "እሳቱ እሳት ይሁን ምሳሌ ይሁን የኔታ ይጨነቁበት" አሉ። "ተምረውበታል። እኔ የምጠይቀው አንቺን ነው። አራት ዓመት በአንድ ግድግዳ ኖርን። ትሰሚ ነበር?"

ሳይጠሩት አቤት የምል ሴት ስጠራ ዝም አልኩ። አልሰማሁም ብል የሚያውቅብኝ አልነበረም። ግድግዳው ወፍራም ነበር ማለት ይቻላል። ያን ጊዜ ልጅ ነበርኩ፣ አዲስ ሙሽራ ነበርኩ፣ ለአገሩ እንግዳ ነበርኩ፤ ሁሉም እውነት ነው።

"እሰማ ነበር" አልኩ።

"ምን ትሰሚ ነበር?"

"ሁሉንም እትዬ።"

"ሁሉንም አትበይ። ንገሪኝ።"

ነገርኳቸው። እጃቸው የተሰበረው እሁድ ከሰዓት ነው፤ ግቢው ሙሉ ሰው ነበር፣ ልብስ የሚያጥበው፣ ጠጉር የምትሠራው፣ ሁሉም ቤቱ ያለበት ሰዓት። መቀመጫው ዱካ ሲወድቅ ሰማሁ። "በማርያም" ሲሉ ሰማሁ፣ ሦስት ጊዜ። ከዚያ እንጨት ሲሰበር የሚሰማ ዓይነት ድምፅ ሰማሁ፤ እንጨት ነው ብዬ ለራሴ ነገርኩት፣ እንጨት እንዳልሆነ ግን አውቄ ነበር። ኮከብ ስታለቅስ ሰማሁ። ዛኪር ሊሄድ ተነሣ። እኔ ሸሚዙን ያዝኩት፤ "የባልና ሚስት ነገር ነው፣ ደግሞ ሰውየው ለእኛ ደግ ነው" አልኩት። ከዚያ እጄን ዘርግቼ ሬዲዮውን ከፍ አደረግኩ። ዘፈን ነበር። እስኪያልቅ ድረስ አልቀነስኩትም።

ያደታ ባጃጁን ቤታቸው ደጅ አቁሞ ሞተሩን አጥፍቷል። ወደ እኛ ሳይዞር መሪውን ያያል። እትዬ አሰለፈች ስናገር አንድም ጊዜ አላቋረጡኝም፤ ከሩቅ አገር የመጣ የዘመድ ወሬ እንደሚሰማ ሰው ነበር የሚሰሙኝ። እያንዳንዱን ነገር ስናገር ራሳቸውን ነቀነቁ። ዱካው፣ አዎ። ሦስት ጊዜ፣ አዎ። ስጨርስ እኔ አለቅሳለሁ፣ እሳቸው አያለቅሱም። ይቅር ይበሉኝ ማለት ፈለግኩ፤ ያን ጊዜ ያልከፈትኩትን አፍ አሁን ለራሴ ስል ልከፍተው አፈርኩ። እሳቸውም ይቅር አላሉኝም።

ነጠላቸውን ሰብስበው ወረዱ። በራቸውን ከፍተው ገቡና ተመልሰው ወጡ።

"ኮከብ ቅዳሜ ትመጣለች" አሉኝ። "ልክ አሁን እንደነገርሽኝ ንገሪያት። ሬዲዮውንም እንዳትተዪው።"